በቅርጫት የተመለሰው ዋልካ

ዘነበች ጎታ ሠሪ ናት። ከአንበሳሜ ወደ ደብረ ታቦር ሲወጣ፣ ዋናውን መንገድ ለቆ በስተግራ በሚወርደው የእግር መንገድ ላይ ሦስት ደብሮች አሉ። በሦስቱም ውስጥ ደህና የእህል ጎታ ያለው ቤት ካገኛችሁ፣ ወይ እሷ ሠርታዋለች፣ ወይ እሷ የሠራችውን አይቶ ሌላ ሰው ሠርቶታል። እኔ ከእሷ ጋር በአንድ የቅንጭብ አጥር ተዋስኜ ሠላሳ አንድ ዓመት ኖሬአለሁ። ድምፅዋ ቀጭን ነው፤ ዶሮ ስታባርር እንኳ አትጮህም። ጭቃ ስታቦካ ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰብስባ በመቀነቷ ትሸጉጥና፣ የጤፍ ጭድና እበቱን በእፍኟ እየበተነች ትረግጣለች። መሃል ላይ ቆም ብላ ከጭቃው ቆንጥራ በሁለት ጣቷ መካከል ታሸዋለች፤ ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ ታሸተዋለች፤ «ገና ነው» ትልና እንደገና ትገባበታለች።

ይህች ሴት ቂም መያዝም ታውቃለች። ቂሟንም የያዘችው ጎታ በምትሠራበት አያያዝ ነው። በየቀኑ አንድ ስንዝር ብቻ ከፍ እያደረገች፣ የታችኛው ሳይጠነክር የላዩን ሳትደርብ።

ባሏ አለሙ የሞተው በሐምሌ መጨረሻ ነው። ክረምቱን ሆዱን ታሞ ተኝቶ ነበርና ዘነበች ካልጋው አጠገብ አልተለየችም። የአለሙ ታላቅ ወንድም መዝገቡ በለቅሶው ጊዜ ደግ ሆኖ ነበር፤ ለተዝካሩ በግ አመጣ፣ እንጨት አስፈለጠ፣ እንግዳ ተቀበለ። አርባው ወጥቶ ዳሱ ሳይፈርስ ታዲያ እንዲህ አላት፦

«አንቺ እንግዲህ ብቻሽን ነሽ። ዋልካው ከወንዙ ማዶ ነው፤ ክረምት ወንዙ ሲሞላ መሻገሪያ የለሽም። የኔ የወንዝ ዳሩ መሬት ግን እደጃፍሽ ነው። ሽንኩርት ብትይ፣ ጎመን ብትይ፣ ውሃ እየሳብሽ ታበቅዪበታለሽ። እንለዋወጥና እረፊ።»

ዋልካ የምንለው ጥቁሩን አፈር ነው። ዝናብ ሲመታው እግር ይዞ አይለቅም፤ ጤፉና ሽምብራው የሚያምረው ግን እሱ ላይ ነው። አለሙ ያንን መሬት እንደ ልጁ ነበር የሚያየው።

ዘነበች የወንዝ ዳሩን መሬት ያየችው በመስከረም አጋማሽ ነው። ፀጉሯን ተላጭታ፣ ጥቁሯን ለብሳ፣ እንቅልፍ ባጣ ዓይኗ። ሣሩ እስከ ቅልጥሟ ነበር፤ አበባውም መሃል መሃሉን ቢጫ አድርጎት ነበር። ሦስት ሽማግሎች ቆመው ጣቷን ወይን ጠጅ ቀለም ነክራ ወረቀቱ ላይ አሳረፈች። ከሽማግሎቹ አንዱ ቄስ ይሻው ነበሩ። እኛ ጎረቤቶቿ ለውጡን የሰማነው ጣቷ ከተቀባ በኋላ ነው። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ወንዙ አቅጣጫውን ስቶ ያንን መሬት አሸዋ አልብሶት እንደ ነበር እኛ እናውቅ ነበር፤ እሷ ግን ያን ጊዜም ቡሬ በሬያቸው ጠፍቶ እሱን ስትፈልግ ነው የከረመችው።

በኅዳር ሣሩ ደረቀ። ዘነበች ጠራችኝና አብረን ወረድን። ተንበርክካ በጣቷ መጫር ጀመረች። እስከ አንጓዋ አሸዋ ነው። እስከ ክርኗ አሸዋ ነው። እጇን አውጥታ አራገፈችና ቀጥታ ወደ መዝገቡ ቤት ሄደች፤ እኔም ተከተልኋት። መዝገቡ ከሁለት ሰዎች ጋር ቁጭ ብሎ የቀንበር ጠፍር ይቋጥር ነበር።

«አያ መዝገቡ» አለችው፣ «ያ መሬትኮ አሸዋ ነው።»

ቀና ብሎ እንኳ አላያትም። «አሸዋ ከሆነ ቆልተሽ ብዪው» አላት።

ሁለቱ ሰዎች ሳቁ። ዘነበች «እሺ» አለች። አጥራችን ጋ ስንደርስ ግን ቆመችና፣ «እትዬ፣ ይስሙኝ፤ ከዚያ አሸዋ የወጣ ነገር መጀመሪያ የሚበላው እሱ ነው» አለችኝ።

ሰባት ዓመት ሆነ። ሽንኩርት ተከለች፤ ውሃው አናቱ ላይ ሳይቆይ ወርዶ እየጠፋ ደረቀባት። ድንች ተከለች፤ የፍየል በጠጥ የሚያህል አወጣች። በመጨረሻ ተወችውና አህያዋን ታስርበት ጀመር። መዝገቡን ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ስታገኘው ራሷን ዝቅ አድርጋ «እንደምን አደሩ» ትለዋለች፤ አንቱታውን አንድ ቀን አላጎደለችበትም። ከዚያ ቤቷ ትገባና አፏን ትጉመጠመጣለች። በዓይኔ አይቻለሁ።

ጎታ ደግሞ ለመዝገቡ ቤት አልሠራችም። ሚስቱ አበበች በየዓመቱ እየመጣች ትለምናለች፤ ዘነበች በየዓመቱ «ጭቃው አልቦካልኝም» ትላታለች። ሰባት ዓመት ሙሉ ያልቦካ ጭቃ! አበበች እህሏን በማዳበሪያ ከረጢት ታስቀምጣለች፤ ነቀዙም ከረጢቱን ወንፊት እያደረገ ይበላላታል። የመዝገቡ ቤት ዱቄት ነቀዝ ነቀዝ ይሸታል እየተባለ ማኅበርተኛው ዳቦውን በምላሱ ጫፍ የሚቀምሰው ሆነ። ይህን ስንሰማ ዘነበች ፈገግ አትልም፤ ብቻ እጇን ትታጠባለች።

ከዚያ ገልባጭ መኪናዎች መጡ። ደብረ ታቦር ውስጥ ሕንፃው በዛና አሸዋ ተፈለገ። መዝገቡም ተገላገልሁት ያለውን አሸዋ እንደገና ወደደው። ወደ ዘነበች አልመጣም፤ ቀበሌ ሄዶ «የወንዝ ዳሩ መሬት ጦሙን ካደረ ከሦስት ዓመት በላይ ነው፤ እኔ እሠራበታለሁ» ብሎ አመለከተ። የመሬት ኮሚቴው በጥቅምት ከዋንዛው ሥር ስብሰባ ጠራ። ሊቀመንበሩ ደሳለኝ ይባላል፤ ለማንም የማያዳላ፣ ወረቀቱን ሁለቴ የሚያነብ ሰው ነው።

«ወይዘሮ ዘነበች» አላት፣ «ሕጉን እኔ አላወጣሁትም። እስከሚመጣው ዓመት ኅዳር ሚካኤል ማግስት አንድ ዓመት ከጥቂት ቀን ነው። ያን ቀን መጥተን እናያለን። ምርት ካልታየበት መሬቱ ይነሳና ለሚሠራበት ይሰጣል።»

በዚያው ስብሰባ ከወረዳ የመጣች ዮርዳኖስ የምትባል የዓሣ ባለሙያ ነበረች። ስለ ዓሣ ገንዳ አወራች፤ ገበሬው ያዛጋል። ዘነበች ከኋላ፣ ከሴቶቹ መሃል፣ በዚያች ቀጭን ድምፅዋ፣

«አሸዋ ላይስ ይሆናል?» አለች።

ዮርዳኖስ ፈገግ አለች። «እትዬ፣ አሸዋ ውሃ አይዝም። ወፍራም ላስቲክ ማንጠፍ ነው፤ እሱ ደግሞ ውድ ነው። አለዚያ እበትና ጭድ አድርጎ በላዩ የሚይዝ አፈር መለሰን ነው። አድካሚ ነው።»

«እበት፣ ጭድ፣ አፈር» አለች ዘነበች በጣቷ እየቆጠረች። «ጎታ ነው የምትዪኝ።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። መዝገቡ ከፊት ተነሣ። ነጠላውን አስተካክሎ፣ ዱላውን ተደግፎ፣ «ከዚያ አሸዋ ዓሣ ከወጣ እኔ መዝገቡ ከነእሾሁ እበላዋለሁ! ሰው ይስማኝ!» አለ።

«ሰማን!» አሉ ከሳቁት መሃል። እኔ ዘነበችን አየኋት። ሰባት ዓመት የጠፋባትን ዕቃ ድንገት ያገኘች ነበር የምትመስለው።

በኅዳር መቆፈር ጀመረች። አሸዋ ለመቆፈር ቀላል ነው፤ ለመቆም ግን አይቆምም። መጀመሪያ ግድግዳውን ቀጥ ብታደርገው ተናደባት። ዮርዳኖስ መጣችና፣ «ሕፃን ድኾ የሚወጣበት አድርገው ያዝምሙት» አለቻት። እንደሱ አደረገችው። ርዝመቱ አሥራ ሁለት እርምጃ፣ ወርዱ ስምንት፤ በላይኛው በኩል ጉልበት የሚደርስ፣ በታችኛው በኩል ደረት። ጠርዙን በወንዝ ድንጋይ ከበበችው፤ ከድንጋዩ ኋላ የባሕር ዛፍ ችካል ቸከለች። ከወንዙ የእጅ ስፋት ያላት ቦይ ቀደደች። ለማፍሰሻው ውስጡን የበሳችው ቀርከሃ አስገባችና አፉን በአሮጌ ወንፊት ሸበበችው።

የቀረው ዋልካ ነው። ዋልካው ደግሞ ማዶ፣ መዝገቡ ዘንድ ነው።

እዚህ ላይ የመዝገቡ ሀብት ጠቀመን። የመኪናው መንገድ በዋልካው ጥግ ስለሚያልፍ እዚያ ላይ ቆርቆሮ ቤት ሊሠራ ተነሥቶ ነበር። ዋልካ ላይ ቤት ዝም ብሎ አይቆምም፤ በጋ ይሰነጠቃል፣ ክረምት ያብጣል፣ ግድግዳውን ይዞት ይሄዳል። ስለዚህ መሠረቱን እስከ ድንጋዩ ድረስ አስቆፈረ፤ የወጣው ጥቁር አፈር ጎጆ የሚያህል ክምር ሆኖ መንገዱን ዘጋበት። ዘነበች ወደ እኔ መጣች።

«እትዬ፣ እርስዎ ከእሱ ጋር ጠብ የለዎትም» አለችኝ።

ጠብ አልነበረኝም። ሄጄ፣ «መዝገቡ፣ ይኼን አፈር ብንወስደው ይከፋሃል?» አልሁት።

«ለጓሮ ቃሪያዎ ነው እትዬ?» አለና ሳቀ። «ይውሰዱልኝ እንጂ! ጉልበት ካለዎት የታችኛውንም ቆፍረው ይውሰዱት!»

አመሰገንሁት። ውሸት አልተናገርሁም፤ ብቻ ቃሪያውን አላስተባበልሁም።

ዘጠኝ ቀን ተመላለስን። ሁለት አህያ፣ አራት ሴት። ዘነበች በአህያ አላመነችም፤ የራሷን ድርሻ በቅርጫት ተሸክማ ወንዙን ትሻገራለች፤ ከገንዳው አፍ ላይ ስትደፋው ሁልጊዜ አንድ ነገር ብቻ ትላለች፦ «የአለሙ መሬት መጣ።» በቀን ሃያ ጊዜ፣ ሠላሳ ጊዜ። መጨረሻ ላይ እኛም ይዘነው አብረን እንል ጀመር።

ከዚያ ጎታ እንደምትሠራው አድርጋ ሠራችው። ጭድና እበቱን ከዋልካው ጋር አቡክታ፣ በመዳፏ እያሸች፣ ከታች ወደ ላይ ለሰነችው። ሲያልቅ የሚያምር ነገር ነበር፤ ትልቅ የሸክላ ገበቴ ይመስል ነበር። ጎታ ሳይደርቅ እህል አይገባበትምና አምስት ቀን ፀሐይ አስመታችው። በስድስተኛው ቀን ቦዩን ከፈተች። ማታውን ውሃው ወገብ ደረሰ። ጠዋት ስንወርድ ገንዳው ውስጥ አንድ ጠብታ የለም።

ዋልካው ተሰነጣጥቆ ነበር። በበጋ በባዶ እግሩ የሚሄድ ሰው ተረከዝ አይታችኋል? እንደዚያ። ስንጥቁ ውስጥ አራት ጣት ይገባል።

መዝገቡ ወሬው ሳይቀዘቅዝ ደረሰ። ጠርዙ ላይ ቆሞ ቁልቁል እያየ፣ «ዘነበች፣ ዓሣዎቹ በእግራቸው ሄዱ እንዴ?» አላት።

«ገና አልመጡም፣ አያ መዝገቡ» አለችው።

«ሲመጡ ጥሪኝ። ሆዴን ባዶ አድርጌ እጠብቃለሁ።»

ያን ቀን አፈሩን ልብ ብሎ ቢያየው ኖሮ ከየት እንደ ወሰድነው ያውቅ ነበር። እሱ ግን የሚያየው እሷን ነበር። ሲሄድ ዘነበች ገንዳው ውስጥ ወርዳ ቁጭ አለች፤ እጇን ስንጥቁ ውስጥ ከታ ብዙ ቆየች። አላለቀሰችም። በመጨረሻ ከዚያው ሆና፣

«እትዬ፣ ጤፍ ስንዘራ መሬቱን ከብት የምናስረግጠው ለምንድን ነው?» አለችኝ።

«እንዲጠብቅ ነዋ» አልኋት።

«ሲደርቅ ነው የምናስረግጠው?»

«ምን ነካሽ! ርጥብ እያለ ነው እንጂ።»

«ታዲያ እኔ ምን ነካኝ?» አለች። «ጎታ የሚይዘው ደረቅ ነገር ነው። ይኼ የሚይዘው ውሃ ነው። መድረቅ የለበትም።»

ያን የለሰነችውን ሁሉ በመቆፈሪያ ፈነቀለችው፤ ክፉ ሳምንት ነበር። ዋልካውን ጉድጓድ ውስጥ ዘፈዘፈችው። ከገንዳው ሥር፣ አሸዋው ላይ፣ እበትና ጭድ አንጥፋ በኮባ ቅጠል ሸፈነችው፤ ጠዋትና ማታ ውሃ እያርከፈከፈች ሁለት ሳምንት አቆየችው። ሲሸት ሠፈሩ ሁሉ አፍንጫውን ያዘ። ቅጠሉን ገልጣ ስትነካው እንደ ተልባ ይሙለጨለጭ ነበር፤ «አሁን ቦካ» አለች። በላዩ ዋልካውን በስንዝር ውፍረት ደለደለችው። የቀረው የሚረግጥ ከብት ነው።

መዝገቡ ይህንንም ሰምቶ ለወንዶቹ በየመንገዱ፣ «በሬያችሁ ጉድጓድ ውስጥ እግሩ ቢሰበር ዘነበች በሬ አትተካም» ይል ጀመር። ወንዶቹ አንድ በአንድ ሰበብ አበጁ። ዘነበች ግን ወንዶቹን አልለመነችም። በየቤቱ ጎታ ሠርታለች፤ ወንፈሉን የምትጠይቀው ጎታው ያለበትን ቤት ሴት ነው። የአንበሳሜ ገበያ ቀን ወንዶቹ ከሄዱ በኋላ ሴቶቹ ከብት እየነዱ ወረዱ። ከብቱን ሃያ ሦስት ቆጠርሁ። በመጨረሻ ከጥድ ጥግ አራት የሰቡ በሬዎች ብቅ አሉ፤ ከኋላቸው አበበች፣ የመዝገቡ ሚስት፣ ልምጭ ይዛ።

አበበች በሬዎቹን አስቁማ፣ «ሁለት ጎታ» አለች። «ከነክዳኑ። አንዱ የጤፍ፣ አንዱ የገብስ።»

«ቤትሽ ገብቼ?» አለች ዘነበች።

«እንግዲያ የት? ጎታ ሠርተሽ በጀርባዬ ልታሳዝዪኝ ነው? አንቺ ሴት፣ የባሌን ዕዳ በነቀዝ ስከፍል ሰባት ዓመቴ ነው። በሬዎቹ እነዚሁ። ወይ እሺ በዪ፣ ወይ ልመለስ።»

ዘነበች በሬዎቹን አየች፤ ዳልቻውን በሬ ከእግሩ እስከ ሻኛው ለካችው። «ዓሣው ይውጣና እገባለሁ» አለች።

እንደ አውድማ እያዞርን ረገጥነው። ወንዶች በውቂያ ጊዜ የሚያዜሙትን እኛ አልን፤ የማናውቀውን ቦታ በሳቅ ሞላነው። ዳልቻው ሁለት ጊዜ ተንሸራቶ በጉልበቱ ሄደ፤ አበበች እየተሳደበች አነሣችው። የከብቱ ኮቴ ከዘነበች መዳፍ በለጠ፤ ከሰዓት በኋላ ዋልካው እንደ ቆዳ ተወጥሮ ነበር። ያኔውኑ፣ ፀሐይ ሳታደርቀው፣ ቦዩን ለቀቅነው። አበበች የበሬዎቹን እግር እስከ ብብታቸው ወንዝ ውስጥ አጠበች፤ ኮቴያቸውን በእንጨት ጫፍ ጠረገች። መዝገቡ ከገበያ ሲመለስ በረቱ ውስጥ እንደ ተዋቸው አገኛቸው።

ዘነበች ገንዳው ውስጥ በቢላ ምልክት ያደረገችበት ሸንበቆ ተከለች። በመጀመሪያው ቀን ውሃው አንድ ጣት ወረደ። በሁለተኛው ግማሽ ጣት። በሳምንቱ ምልክቱን አልለቀቀም። ያን ቀን ብቻ ነው ውሃ ዳር ተቀምጣ እግሯን ስትነክር ያየኋት።

ዮርዳኖስ በጥር መጨረሻ ከባሕር ዳር የዓሣ ጫጩት በላስቲክ ውሃና አየር ሞልታ አመጣች። ቀረሶ የሚባለው ዓይነት ነው፤ ቅርፊት ያለው ስለሆነ የእኛ ሰው አይጸየፈውም። ሦስት መቶ ናቸው፤ እያንዳንዱ የጥፍር ቁራጭ ያክላል። ዘነበች ፉርሽካና የደረቀ አተላ እየበተነች ታበላቸዋለች። ወፍ እንዳይለቅማቸው የኮባ ገመድ ከዳር ዳር ወጠረችባቸው። አገሩ ብርድ ነውና ቀስ ብለው ነው ያደጉት። ውሃው እንደ ጎመን አረንጓዴ ስለሆነ ከላይ ምንም አይታይም። መዝገቡ በግንቦት መጥቶ አጎንብሶ አየና፣ «እንቁራሪት ነው ያረባሽው» ብሎ እየሳቀ ሄደ። ዘነበች «እንደ አፍዎ» አለችው። በነሐሴ ወንዙ ሲሞላ አራት ቀን ማዳበሪያ ከረጢት አሸዋ እየሞላን ጠርዙ ላይ ደረደርን፤ ቦዩ ፈረሰ፣ ገንዳው ግን ቆመ።

የኅዳር ሚካኤል ማግስት ደሳለኝ ሁለት ሰዎች አስከትሎ መጣ። ቄስ ይሻውም ነበሩ፤ የደብሩ ሰው ግማሹ ነበር። መዝገቡ ነጭ ጋቢ ለብሶ ከፊት ቆመ። ዘነበችና ዮርዳኖስ አሮጌ አጎበር በሁለት እንጨት ወጥረው ውሃው ውስጥ ገቡ። መጀመሪያ ሲጎትቱ የወጣው አረም ነው፤ ከአረሙ መሃልም አንዲት እንቁራሪት ዘላ ወጣች።

«አላልኋችሁም?» አለ መዝገቡ። ሰው በሳቅ ፈረሰ። ደሳለኝ እስክሪብቶውን ወደ ኪሱ መለሰ። ዘነበች ግን ወደ ሰው አልዞረችም፤ «ወደ ታችኛው፣ ወደ ጥልቁ» አለቻት ዮርዳኖስን።

ሁለተኛውን ሲጎትቱ አጎበሩ ከበደ። ወደ ዳር ሲወጣ ውስጡ ሁሉ ይዘላል፤ የፀሐዩ ብርሃን ጎናቸው ላይ ይንቦገቦጋል። የሰው መዳፍ ከነጣቱ የሚያክሉ ናቸው፤ ሃያ፣ ሠላሳ ይሆናሉ። አንድም ሰው አልሳቀም። ደሳለኝ ጎንበስ ብሎ አንዱን በጭራው አነሣ፤ እየተወራጨ ፊቱን ረጨው። ፊቱን ጠረገና እስክሪብቶውን አወጣ።

«ምርት ታይቷል። መሬቱ ለያዘችው ይጸናል» አለና ጻፈው፤ ከዚያ እንደ ልማዱ ሁለቴ አነበበው።

መዝገቡ ጋቢውን ሰብስቦ መንገድ ጀመረ።

«አያ መዝገቡ» አለች ዘነበች፣ «ይቀመጡ እንጂ። ምሳ አለ።»

እሳቱ ቀድሞ ተያይዞ ነበር፤ ዘይቱም ድስት ውስጥ ነበር። ለደሳለኝና ለሰዎቹ፣ ለቄስ ይሻውና ለእኛ እሾሁን በጥፍሯ እየለቀመች፣ ሥጋውን ብቻ እንጀራ ላይ አደረገችልን። ትልቁን ዓሣ ግን እንዳለ ጠበሰችው፤ ከነራሱ፣ ከነእሾሁ። በሁለት እጇ ይዛ መዝገቡ ፊት አስቀመጠችው። እጅ አስታጠበችው። አንገቷን ሰበር አድርጋ አጠገቡ ቆመች።

ቄስ ይሻው፣ «ዘነበች ልጄ፣ እሾሁን አውጪለት፤ ክርስቲያን ነው» አሏት።

«አባ፣ እኔ ምን አደርጋለሁ? ሰው ይስማኝ ያሉት እርሳቸው ናቸው። ሰው ሰማ።»

«ሰምተናል!» አለ አንዱ ከኋላ። መዝገቡ ዙሪያውን አየ፤ የሚያስጥለው አጣ። በላ። መጀመሪያ ቀስ እያለ፣ በአፉ ጥግ እየለየ፤ ዘነበች «ያችን ረሷት» እያለች ያስቀመጠውን እሾህ ታሳየዋለች። ሦስተኛው ጉርሻ ላይ እሾሁ ጉሮሮውን ያዘው። ሳለ። ዓይኑ ቀላ፣ ጋቢው ከትከሻው ወደቀ። አበበች እንጀራ ጠቅልላ፣ «ሳታኝክ ዋጠው! ዋጠው እንጂ!» እያለች አፉ ውስጥ ከተተችው። ወረደለት።

ዘነበች በቅል ውሃ ሰጠችው። ሲጠጣ በዚያች ቀጭን ድምፅዋ፣ «ቆልቼ ላቀርበው አስቤ ነበር» አለችው፣ «ለእርስዎ ይሻላል ብዬ ጠበስሁት።»

ቅሉን ከአፉ አላቀቀ። ነገሩ መጣለት፤ ሰባት ዓመት አልፎ ስምንተኛው የያዘውን ያን ቃል ሲያስታውሰው ፊቱ ላይ አየሁት።

«ውሃውን የያዘው ዋልካ ከቤትዎ መሠረት የወጣው ነው» ብላ ቀጠለች። «ፈቅደው ነው የሰጡን፤ እትዬ ይመስክሩ። የረገጡት በሬዎችም የእርስዎ ናቸው። ዳልቻው ጎበዝ ነው።»

መዝገቡ ወደ አበበች ዞረ። አበበች የተረፈውን እንጀራ እያጠፈች፣ «ገበያ የሄድህ ዕለት ነው» አለችው።

ቄስ ይሻው መስቀላቸውን አወጡ። «እንግዲህ በቃ፤ ይቅር ተባባሉ» አሉ።

«አንድ ነገር ይንገሩኝ» አለችው ዘነበች፣ ወደ መዝገቡ ዞራ። «ያን ጊዜ ሲለዋወጡኝ አሸዋ መሆኑን ያውቁ ነበር?»

መዝገቡ ጉሮሮውን ጠረገ። አሁንም የሚወጋው ነገር ነበር መሰለኝ። «አውቅ ነበር» አለ። ቄስ ይሻው መስቀላቸውን እንደ ያዙ አንገታቸውን ደፉ፤ የእሳቸውም ጣት ያንን ወረቀት ነክቶታል።

«ሰማሁ» አለች ዘነበች። ይቅር ብያለሁ አላለችም። ሄዳ አጎበሩን ማጠብ ጀመረች።

በሦስተኛው ቀን ቃሏን ልትጠብቅ መዝገቡ ቤት ገባች። ምሳዋን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ፣ ውሃዋን በቅል ይዛ ነው የምትሄደው። አበበች «ውሃ እንኳ አትቀምሺም?» ስትላት «ጭቃው ይበቃኛል» ትላታለች። አሥራ አራት ቀን ፈጀባት። ከሠራቻቸው ሁሉ የሚያምሩት እነዚያ ሁለቱ ናቸው፤ ነቀዝ የሚገባበት የመርፌ ቀዳዳ የላቸውም።

መጨረሻ ላይ፣ የጤፉ ጎታ ደረት ገና እርጥብ እያለ፣ በጣቷ አንድ ነገር ሣለችበት። አበበች ቀረብ ብላ አየችው። ዓሣ ነው፤ ከራሱ እስከ ጭራው፣ እሾሁ አንድ በአንድ ተቆጥሮ የተሣለ።

«ይኼ ምንድን ነው?» አለቻት።

«ጌጥ ነው» አለች ዘነበች፤ እጇንም ታጠበች።

ጎታው ከበሩ ትይዩ ነው። መዝገቡ ሲገባም ሲወጣም ያልፈዋል። አበበች እንደምትነግረን፣ ሲያልፍ ሳያውቀው እጁን ወደ ጉሮሮው ይሰዳል።